የአሠራር መግለጫ አጻጻፍ፦ ከመኪና መሪ ዘይት ውስጥ አየር ማስወጣት

መግቢያ

ባለፉት ትምህርቶች ስለ ተራኪና ስለ ሥዕላዊ ድርሰት አጥንታችኋል። ተራኪ ድርሰት የሆነውን ነገር ይተርካል፤ ሥዕላዊ ድርሰት የታየውን ነገር በዓይነ ሕሊና ያሳያል። በዚህ ትምህርት የምታጠኑት ከገላጭ ድርሰት ወገን የሆነውን የአሠራር መግለጫ ነው። የአሠራር መግለጫ አንድ ሥራ ከመነሻው እስከ መድረሻው እንዴት እንደሚከናወን በቅደም ተከተል የሚያስረዳ ጽሑፍ ነው። እንጀራ እንዴት እንደሚጋገር፣ ችግኝ እንዴት እንደሚተከል፣ የኩራዝ ክር እንዴት እንደሚለወጥ የሚያስረዱ ጽሑፎች ሁሉ የዚሁ ወገን ናቸው።

ይህ ዓይነቱ ጽሑፍ ሲያዩት ቀላል ይመስላል። ግጥም እንደሚጽፍ ሰው ምሳሌና ዘይቤ መፈለግ፣ ልብ ወለድ እንደሚጽፍ ሰው ገጸ ባሕርያት መፍጠር አያስፈልገውም። ሆኖም አንድ ከባድ ኃላፊነት አለበት። ልብ ወለድ የሚያነብ ሰው አንድ ዓረፍተ ነገር ቢያሻማው ገጹን ገልጦ ያልፋል፤ የአሠራር መግለጫ የሚያነብ ሰው ግን ያነበበውን ወዲያው በእጁ ይፈጽመዋል። ዓረፍተ ነገሩ የተሳሳተ እንደሆነ እጁም ይሳሳታል። ጸሐፊውም አጠገቡ ስለማይገኝ ጠይቆ ሊረዳ አይችልም።

ለዚህ ትምህርት የመረጥንላችሁ ምንባብ በጋራዥ ውስጥ ስለሚሠራ አንድ ሥራ የሚናገር ነው። ከመካከላችሁ የመኪና ኮፈን ተከፍቶ ያላየ ቢኖር እንኳ አይሥጋ፤ እንዲያውም መግለጫው በቂ መሆኑን የሚፈትነው እንዲህ ያለው አንባቢ ነው። ምንባቡን በመጀመሪያ ለሐሳቡ ብቻ አንብቡት። በሁለተኛው ንባብ ግን እርሳስ ይዛችሁ በየዓረፍተ ነገሩ መጨረሻ የሚገኘውን ማሰሪያ አንቀጽ አስምሩበት።

ሀ. ምንባብ

አየር የገባበት መሪ

የመኪና የፊት ጎማዎች ከባዱን ሞተር ተሸክመው መሬቱን ተጭነው ስለሚቆሙ፣ በተለይ መኪናው ቆሞ ሳለ እነርሱን በክንድ ጉልበት ብቻ ማጠፍ አድካሚ ነው። ይህን ድካም ለማቃለል ፍራንሲስ ዴቪስ የተባለ አሜሪካዊ መሐንዲስ በዘይት ግፊት የሚታገዝ መሪ ሠርቶ፣ እ.ኤ.አ. በ1926 በመኪና ላይ ገጥሞ አሳየ። ይሁን እንጂ መሣሪያው ለሕዝብ በሚሸጥ የቤት መኪና ላይ የዋለው ከ25 ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1951 የክራይስለር ኩባንያ «ኢምፔሪያል» በተባለው መኪናው ላይ በገጠመው ጊዜ ነው። ይህን መሪ በአገራችን ጋራዦች «ፓወር ስቲሪንግ» ሲሉት እንሰማለን። በቅርብ ዓመታት በተሠሩ ብዙ የቤት መኪናዎች ላይ የዘይቱን ሥራ የኤሌክትሪክ ሞተር ተክቶታል፤ ስለዚህ ቀጥሎ የሚሰጠው መግለጫ የሚያገለግለው በዘይት ለሚሠራው መሪ ብቻ ነው።

የዘይቱ መሪ አሠራር ይህን ይመስላል። ከሞተሩ ጋር በቺንጋ የተያያዘ ፓምፕ ከማጠራቀሚያው ዘይት ይስብና በጠንካራ ቱቦ ወደ መሪው ማርሽ ይገፋዋል። ነጂው መሪውን ወደ አንድ ወገን ሲያዞር፣ በማርሹ ውስጥ ያለው ቫልቭ ዘይቱን ወደዚያ ወገን ይለቀዋል፤ ዘይቱም ፒስተኑን ገፍቶ ጎማዎቹ እንዲታጠፉ ያግዛል። ሥራውን የፈጸመው ዘይት በሌላ ቱቦ ወደ ማጠራቀሚያው ይመለሳል። በቤት መኪና ጎማ ውስጥ የሚነፋው አየር ግፊቱ ከ2 ባር እምብዛም አይርቅም፤ በመሪው ቱቦ ውስጥ ያለው የዘይት ግፊት ግን መሪው በኃይል በዞረ ጊዜ ከ70 ባር ሊበልጥ ይችላል።

ለመሆኑ ይህን ያህል ኃይል ያለውን ዘይት ጥቂት አየር እንዴት ሊያሰናክለው ይችላል? መርፌው የወለቀ ሲሪንጅ ውኃ ሙሉበትና ጫፉን በጣታችሁ ደፍናችሁ መግፊያውን ግፉት። አይንቀሳቀስም። ውኃውን ደፍታችሁ በአየር ብቻ ሙሉትና እንደገና ግፉት። መግፊያው ወደ ውስጥ ይገባል፤ ስትለቁትም ተመልሶ ይወጣል። ፈሳሽ አይታመቅም ለማለት ይቻላል፤ በአንዱ ጫፍ የተገፋውን ያህል በሌላው ጫፍ ይገፋል። አየር ግን ይታመቃል። ከዘይቱ ጋር አየር የተደባለቀ እንደሆነ ፓምፑ ከሚገፋው ኃይል ከፊሉ አየሩን በማመቅ ይባክናል፤ መሪውም አንዴ ሲከብድ፣ አንዴ ድንገት ሲቀል፣ በነጂው እጅ ይርገበገባል። በጠመዝማዛ መንገድ ላይ ይህ የሚያስከትለውን አደጋ መገመት አያዳግትም።

አየር የገባበት መሪ በሦስት ምልክቶች ይታወቃል። መሪው ሲዞር ፓምፑ ያጉረመርማል ወይም ያላዝናል፤ መሪው እየያዘ ይለቃል፤ የማጠራቀሚያው ክዳን ሲከፈት ዘይቱ አረፍቶ፣ አንዳንድ ጊዜም ወተት መስሎ ይታያል። አየሩ የሚገባው ብዙውን ጊዜ የዘይቱ መጠን ጎድሎ ሳለ መኪናው ሲነዳ፣ ወይም ፓምፕ ወይም ቱቦ ተፈትቶ ሲለወጥ ነው። ሦስተኛው መግቢያ ግን ተንኮለኛ ነው። ከማጠራቀሚያው ወደ ፓምፑ የሚወርደው ቱቦ ዘይት የሚሳብበት እንጂ የሚገፋበት አይደለም። ስለዚህ ማጥበቂያ ቀለበቱ የላላ እንደሆነ አንዲት ጠብታ ዘይት ሳያፈስ አየር ሊያስገባ ይችላል። ብዙ ሰው የፈሰሰ ዘይት ስላላየ ብቻ ቱቦው ደኅና ነው ብሎ ይደመድማል።

እንግዲህ አየሩን ከማስወጣታችሁ በፊት የገባበትን ስፍራ ፈልጋችሁ አብጁ፤ መግቢያው ክፍት ከሆነ የወጣው አየር ተመልሶ ይገባልና።

ከዚያም መኪናውን በደልዳላ ቦታ አቁማችሁ የእጅ ፍሬኑን ሳቡ፤ የኋላ ጎማዎቹንም በታኮ አግዱ። የመኪናውን ፊት በክሪክ አንሥታችሁ ከሥሩ ጠንካራ የብረት መደገፊያ አግቡ። ክሪክ ማንሻ እንጂ መደገፊያ አይደለም፤ በክሪክ ብቻ በቆመ መኪና ሥር እጃችሁን እንኳ አታስገቡ። ጎማዎቹ ከመሬት የሚነሡበት ምክንያት መሪው ያለ ሞተር እገዛ በቀላሉ እንዲዞር ነው።

ሞተሩ ጠፍቶ ሳለ የማጠራቀሚያውን ክዳን ዙሪያ በንጹሕ ጨርቅ ጠርጋችሁ ክዳኑን ክፈቱ። የመኪናው ፋብሪካ ያዘዘውን ዓይነት ዘይት እስከ ምልክቱ ድረስ ጨምሩ። ያልታዘዘ ዘይት የጎማ መዝጊያዎቹን ሊያበላሽ ይችላልና የመኪናውን መጽሐፍ ሳታዩ አትጨምሩ። ቁልፉን የመሪው መቆለፊያ እስኪለቀቅ ድረስ ብቻ አዙሩት፤ ሞተሩን ግን አታስነሡ።

አሁን መሪውን ይዛችሁ በዝግታ እስከ ግራው ጫፍ፣ ከዚያም እስከ ቀኙ ጫፍ አዙሩ። ጫፉን ሲነካ ሳትጫኑት ወዲያው መልሱት። ይህንኑ 20 ጊዜ ያህል ደጋግሙ። በዚህ ጊዜ አንድ ጓደኛችሁ ማጠራቀሚያውን ይመልከት። የአየር አረፋ እየተንቦለቦለ ይወጣል፤ የዘይቱም መጠን ይቀንሳል። መጠኑ በቀነሰ ቁጥር ዘይት ጨምሩ። ማጠራቀሚያው እስኪደርቅ ከጠበቃችሁ እንደገና አየር ይገባል፤ እስከዚያ የተደከመበትም ሥራ ከንቱ ይሆናል። አረፋው እስኪጠፋና የዘይቱ መጠን መቀነሱን እስኪያቆም ድረስ መሪውን አዙሩ።

ይህ ሁሉ ሞተሩ ሳይነሣ የሚደረግበት ምክንያት አለው። የምግብ ዘይት ያለበትን ጠርሙስ ክዳኑን አጥብቃችሁ በኃይል ነቅንቁና አስቀምጡት። ትላልቆቹ አረፋዎች ወዲያው ወደ ላይ ይወጣሉ፤ ደቃቆቹ ግን በዘይቱ ውስጥ ተንሳፈው ይቆያሉ። ሞተሩ ሲነሣ ፓምፑ በደቂቃ ብዙ መቶ ጊዜ ይሽከረከራል፤ በቀላሉ ሊወጣ የሚችለውን ትልቅ አረፋ እየመታ ያደቀዋል። ከዚህም በላይ ፓምፑን የሚያለሰልሰው ያው ዘይት ስለሆነ፣ ዘይት ሳያገኝ የሚሽከረከር ፓምፕ ብረት ከብረት እየተፋተገ ይበላል።

አረፋው ከጠፋ በኋላ ሞተሩን አስነሥታችሁ ለጥቂት ሴኮንድ ብቻ ካሠራችሁት በኋላ አጥፉት። ዘይቱ ጎድሎ እንደሆነ ጨምሩ። እንደገና አስነሡትና ነዳጅ ሳትሰጡ፣ መሪውን በዝግታ ከጫፍ እስከ ጫፍ ጥቂት ጊዜ አዙሩ። ሞተሩ እየሠራ መሪውን ከ5 ሴኮንድ በላይ በጫፉ ላይ አታቆዩት፤ በዚያ ቦታ የዘይቱ ግፊት ከፍተኛውን ደረጃ ስለሚደርስ ዘይቱ በፍጥነት ይግላል፣ ፓምፑም ይጎዳል። ዘይቱ ወተት መስሎ ከታያችሁ ሞተሩን አጥፍታችሁ መኪናውን ግማሽ ሰዓት ወይም ከዚያ በላይ አሳርፉትና ሥራውን ድገሙ። በችኮላ የሚገኝ ነገር የለም፤ ደቃቁ አረፋ በራሱ ጊዜ ይወጣል።

በመጨረሻም መደገፊያውን አውጥታችሁ መኪናውን ወደ መሬት አውርዱ። ሞተሩን አስነሥታችሁ መሪውን ሞክሩ። ድምፁ ጠፍቶ፣ መሪውም በሁለቱም ወገን እኩል ከቀለለ፣ የዘይቱን መጠን ለመጨረሻ ጊዜ ተመልከቱ። በብዙ ማጠራቀሚያዎች ላይ ለቀዝቃዛና ለሞቀ ዘይት የተለያዩ ምልክቶች አሉና የትኛውን እንደምታነብቡ ለዩ።

ለ. ስለ ቃላቱ

ከመግቢያውና ከምንባቡ ውስጥ «ቺንጋ»፣ «ኮፈን»፣ «ታኮ» የሚሉት ቃላት ከጣሊያንኛ የመጡ ሲሆኑ፣ «ጋራዥ» ከፈረንሳይኛ የመጣ ነው። እነዚህ ቃላት በሹፌሮች፣ በረዳቶችና በመካኒኮች አንደበት ስለቆዩ ተራብተው ይነገራሉ፤ «ቺንጋው»፣ «ቺንጋዎቹ»፣ «ባለጋራዥ» እንላለን። አንዳንድ ጸሐፊዎች ባዕድ ናቸው በማለት በአዲስ ቃል ሊተኳቸው ይሞክራሉ። በእኛ አስተያየት ግን የአሠራር መግለጫ ሠራተኛው በሚያውቀው ቃል መጻፍ ይገባዋል፤ ለቺንጋ «ማስተላለፊያ ጠፍር» የሚል ጽሑፍ የሚያነብ መካኒክ ሥራውን አቁሞ ትርጉም ሲፈልግ ይውላል። «መሪ» የሚለውን ቃል ደግሞ ልብ በሉ። «መራ» ከሚለው ግስ የወጣ የሠሪ ስም ነው፤ ሰውንም ሆነ የመኪናውን ዕቃ በአንድ ቃል እንጠራበታለን።

ሐ. ሰዋስው

1. ቦዝ አንቀጽና ቅደም ተከተል

ቦዝ አንቀጽ ብቻውን ሐሳብ አይቋጭም፤ ማሰሪያ አንቀጽ ይፈልጋል። «ጠርጋችሁ» ብሎ ያቆመ ሰው አንባቢውን ያንጠለጥለዋል፤ «ጠርጋችሁ ክፈቱ» ሲል ይቋጫል። በዚህ ዓረፍተ ነገር መጥረግ ይቀድማል፤ መክፈት ይከተላል። ጽሑፉ «መጀመሪያ»፣ «ቀጥሎ» የሚሉ ቃላትን ሳይደጋግም ቅደም ተከተሉን የሚያሳየው በዚህ አንቀጽ ነው። «ክዳኑን ከፍታችሁ ዙሪያውን ጥረጉ» ተብሎ ቢጻፍ ግን በክዳኑ ዙሪያ ያለው አቧራ ወደ ዘይቱ ይወድቅ ነበር። ሁለቱን ግሶች ያላበላለጠ ጸሐፊ ፓምፑን ቆሻሻ አጠጣው ማለት ነው።

አሁን ደግሞ እነዚህን ሁለት ዓረፍተ ነገሮች አስተያዩ።

መሪውን ይዛችሁ እስከ ጫፉ አዙሩ።
መሪውን እስከ ጫፉ አዙራችሁ ያዙ።

ቃላቱ ያው ናቸው፤ ግሶቹም ያው ሁለቱ ናቸው። የተለወጠው የትኛው በቦዝ፣ የትኛው በትእዛዝ እንደተነገረ ብቻ ነው። በመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር «ይዛችሁ» የሚለው መሪው እንዴት እንደሚዞር ይገልጣል፤ መያዙ የሚቆይ ሁኔታ ስለሆነ ከማዞሩ ጋር አብሮ ይሄዳል። በሁለተኛው ግን ማዞሩ ተፈጽሞ ያልቃል፤ ከዚያ በኋላ አንባቢው መሪውን በጫፉ ላይ ይዞ እንዲቆይ ይታዘዛል። ሞተሩ እየሠራ ይህን ትእዛዝ የሚፈጽም ሰው ምንባቡ አጥብቆ የከለከለውን ማድረጉ ነው። ታዛዥ አንባቢ በሆነ መጠን ጉዳቱ ይበዛል።

2. «እስክ-»፣ «ስ-» እና «ሳ-»

እነዚህ ሦስት ባዕድ መነሻዎች ጊዜን ያመለክታሉ። ከአንድ ግስ ጋር ሲገጥሙ ምን እንደሚሆን ተመልከቱ።

አረፋው እስኪጠፋ መሪውን አዙሩ።
አረፋው ሲጠፋ መሪውን አዙሩ።
አረፋው ሳይጠፋ መሪውን አዙሩ።

የመጀመሪያው ሥራው የሚያበቃበትን ጊዜ ይናገራል፤ ማዞሩ አሁን ይጀመራል፣ አረፋው ሲያልቅ ይቆማል። ሁለተኛው ሥራው የሚጀመርበትን ጊዜ ይናገራል፤ አንባቢው እጁን አጣጥፎ አረፋው እስኪጠፋ ይጠብቃል። መሪው ካልዞረ ደግሞ በቱቦው ውስጥ የቀረው አየር አይወጣም። ሦስተኛው ሥራው ከመጥፋቱ በፊት እንዲጀመር ያዝዛል፤ መቼ እንደሚያበቃ ግን አይናገርም። በጽሕፈት ላይ «እስኪ» እና «ሲ» የሚለያዩት በጥቂት ፊደላት ነው። በችኮላ የሚገለብጥ ሰው አንዱን በሌላው ሊለውጠው ይችላል፤ ዓረፍተ ነገሩም ስሕተት ሳይመስል ትርጉሙ ይገለበጣል። ስለዚህ ጥንቁቅ ጸሐፊ «እስኪጠፋ ድረስ» ብሎ ይጽፋል። «ድረስ» እዚህ ላይ ትርፍ ቃል አይደለም፤ አንዱ ቢወድቅ ሌላው ትርጉሙን ይዞ ይቆያል።

3. ትእዛዝና ትንቢት

በአሠራር መግለጫ ሥራን በሦስት መንገድ ማዘዝ ይቻላል። በሁለተኛ መደብ ትእዛዝ «ዘይት ጨምሩ»፣ በሦስተኛ መደብ ትእዛዝ «ዘይት ይጨመር»፣ በትንቢት ደግሞ «ዘይት ይጨመራል» እንላለን። ሦስቱም ትክክለኛ አማርኛ ናቸው። በትንቢት የሚጽፉ ሰዎች ጽሑፉ ጨዋና የረጋ እንዲመስል ይፈልጋሉ። ነገር ግን ይህን ተመልከቱ፦

«መሪው ይዞራል። አረፋ ይወጣል። ዘይቱ ይቀንሳል። ማጠራቀሚያው ይሞላል።»

ከእነዚህ አራት ዓረፍተ ነገሮች ሰው የሚሠራው የትኛውን ነው? በራሱ የሚሆነውስ የትኛው ነው? ሥራውን አስቀድሞ የሚያውቅ ሰው ይለያቸዋል፤ የማያውቀው ግን ዘይቱን እንዲቀንስ የታዘዘ መስሎት ሊቀዳ ይችላል። አራተኛው ዓረፍተ ነገር ከሁሉ ይብሳል። «ይሞላል» የሚለው ቃል «ሞ» ላልቶ ሲነበብ ማጠራቀሚያው በራሱ ይሞላል ማለት ነው፤ ጠብቆ ሲነበብ ግን ሰው ይሞላዋል ማለት ነው። ፊደላችን መጥበቅንና መላላትን ስለማያሳይ አንባቢው የሚረዳው ከአገባቡ ብቻ ነው፤ አገባቡ ደግሞ እዚህ ላይ አይረዳውም። በምንባቡ ውስጥ ሥራው በትእዛዝ፣ ምልክቱ በትንቢት የተጻፈው ለዚህ ነው፦ «ደጋግሙ»፣ «ጨምሩ»፣ «አዙሩ» ይላል፤ አረፋው ግን «ይወጣል»፣ መጠኑም «ይቀንሳል»። ያሰመራችሁባቸውን ማሰሪያ አንቀጾች መለስ ብላችሁ ብትመረምሩ ይህ ልዩነት ከሥራው መጀመሪያ እስከ መጨረሻው እንደተጠበቀ ታያላችሁ።

4. ተሳቢ ተውላጠ ስም

«ፓምፑን ከቱቦው ለይታችሁ እጠቡት» የሚል ዓረፍተ ነገር ብታገኙ የምታጥቡት ፓምፑን ነው ወይስ ቱቦውን? ሁለቱም ተባዕት ናቸው፤ በግሱ መጨረሻ ያለችው «ት» ለሁለቱም ትሆናለች። እንዲህ ባለ ጊዜ ስሙን መድገም ነውር አይደለም፦ «ፓምፑን ከቱቦው ለይታችሁ ቱቦውን እጠቡ።» በሌላ ዓይነት ድርሰት አንድን ስም ደጋግሞ መጥራት ጽሑፉን ያሰለቻል ብለናችሁ ነበር። በአሠራር መግለጫ ግን ከመሰልቸት ይልቅ መሳሳት ይከፋል።

መ. ስለ አጻጻፉ

ጀማሪ ጸሐፊ የሚያውቀውን ሥራ ሲያስረዳ የሚዘልለው እጁ የለመደውን ነው። ብዙ ዓመት የሠራ መካኒክ ታኮ ማድረግን አያስበውም፤ እጁ በራሱ ያደርገዋል። ለጀማሪ ሲጽፍ ግን ታኮውን ካልጻፈ መኪናው ተንሸራትቶ ከመደገፊያው ሊወድቅ ይችላል። ስለዚህ መግለጫውን ከመጻፋችሁ በፊት ሥራውን አንድ ጊዜ በዝግታ ሥሩት፤ እጃችሁ የነካውን ሁሉ በማስታወሻ ያዙ።

ምንባቡ ለአብዛኛው ትእዛዝ ምክንያት መስጠቱንም አስተውላችሁ ይሆናል። ምክንያት ጽሑፉን ያስረዝማል፤ ሆኖም ጸሐፊው ባልገመተው ሁኔታ ውስጥ ለሚገኝ አንባቢ ይጠቅመዋል። «ጎማዎቹን ከመሬት አንሡ» ብቻ የተባለ ሰው ክሪክ ባይኖረው ግራ ይገባዋል። ምክንያቱን የሚያውቅ ግን ጎማው መሬት ላይ እንዳለ መሪውን ማዞር ጎማውን የሚፈጭና ክንድን የሚያደክም ቢሆንም አየሩን ማስወጣት እንደሚቻል ራሱ ያስባል። ለክሪኩና ለመደገፊያው ግን ምንባቡ አማራጭ አልተወም፤ «እጃችሁን እንኳ አታስገቡ» ብሎ ቆርጦ ተናገረ። የቱ ላይ ማስረዳት፣ የቱ ላይ መከልከል እንደሚገባ መለየት የጸሐፊው ፋንታ ነው።

መጠንን በተመለከተ «ብዙ ጊዜ»፣ «ትንሽ ቆይታችሁ» ከማለት «20 ጊዜ ያህል»፣ «ግማሽ ሰዓት» ማለት ይሻላል። ቁጥር ብቻውን ግን አይበቃም። 20 ጊዜ አዙሮ አረፋው ያልጠፋለት ሰው ምን ያድርግ? ምንባቡ ቁጥሩን ከሰጠ በኋላ «እስኪጠፋ ድረስ» የሚለውን የጨመረው ይህን አስቦ ነው።

ሠ. መልመጃ

1. የሚከተሉትን ጥያቄዎች በሙሉ ዓረፍተ ነገር መልሱ።

ሀ) ወደ ፓምፑ የሚወርደው ቱቦ ዘይት ሳያፈስ አየር ሊያስገባ የሚችለው ስለምንድን ነው?
ለ) ሞተሩ ሳይነሣ መሪውን ማዞር የሚቀድመው ስለምንድን ነው? ሁለት ምክንያት ስጡ።
ሐ) አረፋው ጠፍቶ የዘይቱ መጠን ግን መቀነሱን ቢቀጥል ምን ትጠረጥራላችሁ?

2. ቀጥሎ ያለው መግለጫ ለአንድ ጋራዥ ጀማሪ ሠራተኛ የተጻፈ ነው እንበል። ስሕተቶቹን ለይታችሁ ካወጣችሁ በኋላ እያንዳንዱ ስሕተት በሠራተኛው ወይም በመኪናው ላይ የሚያደርሰውን ጉዳት ጻፉ፤ ከዚያም መግለጫውን አስተካክላችሁ እንደገና ጻፉት።

«መኪናውን በክሪክ አንሥተህ ከሥሩ ግባና ቱቦውን ተመልከት። ሞተሩን አስነሥተህ ዘይት ይጨመራል። መሪው እስከ ጫፉ ዞሮ ይያዝ። አረፋው ሲጠፋ መሪውን አዙር። ክዳኑን ከማጠራቀሚያው ላይ አንሥተህ ጥረገው። ዘይቱ ይቀንሳል። ትንሽ ቆይተህ ድገም።»

3. «እስኪፈላ»፣ «ሲፈላ»፣ «ሳይፈላ» በሚሉት ቃላት ስለ ቡና አፈላል ሦስት ዓረፍተ ነገር ሥሩ። ከሦስቱ ዓረፍተ ነገሮች ቡናውን የሚያበላሸው ካለ ለይታችሁ አመልክቱ።

4. ከሚከተሉት ሥራዎች አንዱን መርጣችሁ ከአንድ ገጽ የማይበልጥ የአሠራር መግለጫ ጻፉ፦ የተነፈሰ የብስክሌት ጎማ መለጠፍ፤ የከሰል ምድጃ ማቀጣጠል፤ የሚያንጠባጥብ የቧንቧ ውኃ መዝጊያ መለወጥ። ጽፋችሁ ስትጨርሱ ወረቀቱን ሥራውን ለማያውቅ ጓደኛችሁ ስጡት። እርሱም የተጻፈውን ብቻ፣ እንደተጻፈው ይፈጽም። እናንተ አጠገቡ ቁሙ፤ አደጋ የሚያደርስ ነገር ካልሆነ በስተቀር ምንም አትናገሩ። የቆመበትን፣ የተሳሳተበትንና ወደ እናንተ የተመለከተበትን ስፍራ ሁሉ በወረቀቱ ላይ ምልክት አድርጉና በሚቀጥለው ክፍለ ጊዜ ይዛችሁ ቅረቡ።